ቀይ ሃያ፣ አረንጓዴ ሃያ

ዶክተር ሰርዋ አምፖንሳ የሞተችው በትከሻ ገፋ ሲያደርጉት በሚከፈት በር ሥር ነው። ኢንስፔክተር ላሪባ አቡግሬን ከሁሉ አስቀድሞ ያናደዳትም ይኸው ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ኩማሲ ከተማ ዳር ባለው የደም በሽታዎች ምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ ህዋሶች በፈሳሽ ናይትሮጅን በርደው በሚቀመጡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመቷ ተመራማሪ በጎኗ ወድቃለች። ነጭ ጋዋኗ አልተቀደደም። ፊቷ ላይ ቁስል የለም። የቀኝ እጇ ሦስት ጥፍሮች ግን ከሥራቸው ተሰብረዋል፤ በበሩ የውስጥ ገጽ ላይም ደም የነካው ጭረት አለ።

ላሪባ ተንበርክካ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየች። አጭርና ወፍራም፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ስትናደድ አትጮኽም፤ መራራ የኮላ ፍሬ ታኝካለች። ያን ቀን ገና ከመድረሷ ሁለተኛውን ፍሬ አፏ ውስጥ ጨምራ ነበር።

የተቋሙ ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ባፉር ከኋላዋ ቆመው ነገሩን አስረዷት። ናይትሮጅኑ ሲተን አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፤ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ለዚህ ሲባል አየር ማውጫ ማራገቢያና የማስጠንቀቂያ ደወል ተገጥመዋል። የሁለቱም ማብሪያ፣ ከናይትሮጅኑ ቧንቧ መክፈቻ ጋር፣ ከበሩ ውጭ ግድግዳው ላይ ነው፤ ዛሬ ሁለቱም ጠፍተው ተገኙ። የሁለቱም ኃላፊ ቴክኒሻኗ ፎስዋ አጄማን ናት። አሳዛኝ ቸልተኝነት ነው አሉ ፕሮፌሰሩ። ይህንኑ የሚገልጸው ሪፖርት ተፈርሞ በእጃቸው ነበር።

«መቼ ጻፉት?» አለች ላሪባ።

«እናንተ እስክትደርሱ ድረስ።»

«ሬሳው ሳይበርድ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይህ በር ከውስጥ በምን ይከፈታል?»

«ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። ቁልፍ የለውም።»

«ታዲያ ጥፍሯን ምን ሰበረው?»

ላሪባ ወደ ውጭ ወጥታ በሩን ከላይ እስከ ታች መረመረችው። ከግርጌው አጠገብ፣ ማንም የማይነካው አሮጌ መቀርቀሪያ አለ። ዝገቱ በአንድ መስመር ተፍቆ ብረቱ ያበራል፤ የተፋቀው ዝገትም ወለሉ ላይ እንደ በርበሬ ተበትኗል። አንድ ሰው ቀርቅሮታል፤ ኋላም ተመልሶ ከፍቶታል።

«ሪፖርትዎን ይቅደዱት» አለች።

ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ። አብዛኛው ሠራተኛ በባልደረባቸው አባት ለቅሶ ምክንያት ወደ ማምፖንግ ከተማ ሄዷል። የበሩ ዘበኛ ከውጭ የገባ ሰው የለም ብሎ ምሎ ተናገረ። ከሟቿ ሌላ ሕንፃው ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ፕሮፌሰሩ፣ ቴክኒሻኗ ፎስዋ፣ እና ዶክተር ኤቦ ኳንሳ የሚባለው ተመራማሪ።

ሰዓቱ ቶሎ ተለየ። ሰርዋ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ከጤና ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጸሐፊ ጋር በስልክ ተነጋግራለች። አራት ተኩል ላይ በምድር ቤቱ መዝገብ ላይ ፈርማ ገብታለች። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከአምስት ሰዓት በፊት ሞታለች አለ። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ፎስዋ ለሥራ ወርዳ አገኘቻት፤ ያኔ በሩ አልተቀረቀረም ነበር።

ፕሮፌሰር ባፉር ከአራት ሰዓት ጀምሮ ቢሯቸው ሆነው በኮምፒውተር ስብሰባ ላይ ነበሩ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ለአሥር ደቂቃ ወጥተዋል። የስኳር መድኃኒታቸውን ከመኪናቸው ሊያመጡ እንደሆነ ተናገሩ። ዘበኛው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሆዳቸውን ሲወጉ እንዳያቸው፣ አይቶም ፊቱን እንዳዞረ መሰከረ።

ፎስዋ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ነበረች፤ ብቻዋን። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል። ወንበር ሲሰጣት አልተቀመጠችም።

«ማን አየሽ?» አለቻት ላሪባ።

«ብርጭቆ ሳጥብ ማን ሊያየኝ ይመጣል፣ ማዳም? ሲቆሽሽ ነው የሚፈልጉኝ።»

«ደወሉን ማን አጠፋው?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ጮኋል። ማራገቢያውም ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ የነካው ሰው ገዳይዋ ነው። እኔ አይደለሁም።»

«ትናንት ከሰርዋ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስላልጠየቁኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሁሉ እያለቀሰች ሳይሆን እየተቆጣች ነው የተናገረችው። ንሂራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ አለባት። ሰኞ ጠዋት ዶክተር ኤቦ ያገኘው አዲስ እንክብል ለአርባ ልጆች መሰጠት ይጀመራል፤ ንሂራ ከአርባዎቹ አንዷ ናት። ሐሙስ ዕለት ሰርዋ ጠርታት ልጅሽን ሰኞ እንዳታመጪ አለቻት። ምክንያቱን ነገ ትሰሚያለሽ ብላ ዝም አለች። ፎስዋ ጮኸችባት፤ ያንቺ ልጅ ብትሆን ኖሮ አለቻት። ሰርዋ ልጅ አልነበራትም። ፎስዋን አሁን የሚያቃጥላት ይህ ንግግሯ ነው።

«በእኔ ላይ ያላችሁን ማስረጃ አውቃለሁ» አለች ፎስዋ። «ደወሉ የእኔ፣ ጠቡ የእኔ፣ ምስክር የለኝም። ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። ንሂራ ሕመሙ ሲነሳባት አጥንቷ የሚሰበር ይመስላታል። ተሸክሜ ሆስፒታል የምሮጠው እኔ ነኝ። አባቷ የለም፣ እናቴ የለችም። እኔን ካሰራችሁኝ ያችን ልጅ ገደላችኋት።»

ላሪባ ምንም ቃል አልገባችላትም። ቃል መግባት አትወድም።

ዶክተር ኤቦ ኳንሳ የተለየ ሰው ነው። አርባ ዓመት ገደማ፣ ጨዋ፣ ጥፍሩ የተስተካከለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ስለ ሰርዋ ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። የት ነበሩ ስትለው የሥራ መዝገቡን ከፍቶ አሳያት። ቀይ ቀለም፣ አራት ሰዓት ከአምስት። አረንጓዴ ቀለም፣ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት። እጥበትና መድኃኒት፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይ።

«ይህ ምን እንደሆነ እንደማያውቅ ሰው አድርገው ያስረዱኝ» አለችው። «አላውቅምና።»

ኤቦ ማስረዳት ይወዳል። ህዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የዲኤንኤውን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገለብጣል አላት። ለሲክል ሴል በሽተኞች የሚሰጠው ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው የታወቀ መድኃኒት፣ በበዛ መጠን ሲሰጥ ህዋሱ ክሩን የሚሠራበትን ቁሳቁስ ያሳጣዋል። ያኔ ቅጂው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ገና የተሠራው አዲስ ክር ራቁቱን ይቀራል፤ ህዋሱ ውስጥ ያሉ ቆራጮችም ከጫፉ እየቆረጡ ይበሉታል። ጤነኛ ህዋስ ለዚህ ዘበኞች አሉት፤ ሮጠው ክሩን ይሸፍኑታል፣ ቁሳቁሱ እስኪመጣም ይጠብቁታል። ዘበኞቹ የጎደሉበት ህዋስ ግን ክሩ ይበላል፣ ዲኤንኤው ይበላሻል፣ ሲብስም ካንሰር ይመጣል።

«መበላቱን በምን ታያላችሁ?»

«በቀለሙ። ህዋሱ ቀይ ስንመግበው ክሩን በቀይ ይሠራል፣ አረንጓዴ ስንመግበው በአረንጓዴ። ቀይ ሃያ ደቂቃ፣ አረንጓዴ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ አጥበን መድኃኒቱን እንሰጣለን። ኋላ ክሩን መስታወት ላይ ዘርግተን እንለካለን። አረንጓዴው ካጠረ ተበልቷል ማለት ነው።»

«እርስዎም ከዚህ ሥራ አልተነሱም።»

«አይቻልም፣ ማዳም። ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ሽንትህ ቢመጣ እንኳ ትይዘዋለህ። በዚህ ሙያ ያለ ማንም ሰው ይህን ይነግርዎታል።»

ሌሎቹም ይህንኑ አረጋገጡ። ፎስዋ ራሷ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ፣ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ፣ ንጹሕ ዕቃ አስገብታለት ሲቀይር አይታዋለች። ፕሮፌሰሩ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ በዚያው ጠረጴዛ አግኝተውታል። በመካከሉ ማንም አላየውም። ማንም ግን አልጠረጠረውም፤ ቀለም ጥሎ የሚወጣ ሰው በዚያ ተቋም አልታየም።

የእንክብሉን ነገርም ጠየቀችው። የሠራው እንክብል የጎደሉትን ዘበኞች ተክቶ ክሩን ይጠብቃል አለ። አሥራ አንድ ዓመት ለፍቶበታል። ሰርዋም ትደግፈው ነበር አለ። ሊወጣ ሲል ሰው መክሰስ እንደማይወድ ገልጾ፣ ሐሙስ ማታ ፎስዋ ሰርዋ ላይ ስትጮኽ እንደሰማ ደግሞ ተናገረ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ሦስቱም በፖሊስ ጥበቃ ሥር ግቢው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ፎስዋ ተነስታ ላሪባን ፈለገቻት። መዝገቡ ላይ በተጻፈው መሠረት ህዋሶቹ ያሉባቸው የኤቦ ሳህኖች መውጫ ሰዓታቸው ደርሷል። አንዱ ሳህን መድኃኒት ሳይነካው ወዲያው በረዶ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ሌላው መድኃኒቱ ውስጥ አራት ሰዓት የሚቆይ ነው። አሁን ካልወጣና ካልቀዘቀዘ ይበላሻል።

ላሪባ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ሰው ሞቶ፣ አንቺም ልትታሰሪ ደርሰሽ፣ ስለ ሳህን ታወሪኛለሽ?»

«የሞተችው ናት ያስተማረችኝ። እነዚያ ህዋሶች ከአንዲት ልጅ ቆዳ የተወሰዱ ናቸው፤ ልጅቷ ካቻምና ሞታለች። የመጨረሻው ብልቃጥ ነው። ሰርዋ ከሰው የተወሰደ አይጣልም ትል ነበር።»

ወንበሩ ላይ የነበረው ኤቦ ጣልቃ ገባ። «ተይው ፎስዋ። ተበላሽቷል፣ ድፊው። በዚህ ቀን ሥራ የሚያስብ ሰው የለም።»

ላሪባ መጀመሪያ አንዷን፣ ቀጥሎ ሌላውን አየች። ባለቤቱ ይደፋ ይላል። ተጠርጣሪዋ ይዳን ትላለች። የምታኝከውን ኮላ ተፋችና አንድ ፖሊስ ከፎስዋ ጋር ላከች፤ ሁለቱም ሳህኖች በፖሊስ ዓይን ሥር በረዶ ላይ ተቀመጡ።

ያን ዕለት ወደ ማታ አለቃዋ ደወለ። ነገሩ ግልጽ ነው አለ፤ ፎስዋን እስከ ቅዳሜ ማታ ካልከሰስሽ ምርመራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ላሪባ ስልኩን ዘጋች። የኮሚቴውን ጸሐፊ ቤቷ ድረስ ሄዳ አገኘቻት። ጸሐፊዋ ኬንኬ የሚባል የበቆሎ ምግብና የተጠበሰ ዓሣ አቅርባ ነበር፤ ላሪባ አልበላችም። ሰርዋ በስልኩ ያለቻት ይህ ነው፤ ሰኞ የሚጀመረው ሥራ ሐሰት ነው፤ ለሠራው ሰው ራሱ እንዲናገር እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ካልተናገረ ደብዳቤውን ይዤ እመጣለሁ። ስም አልጠራችም። ደብዳቤውም በሰርዋ ጠረጴዛ ላይ አልተገኘም፤ የሥራ ደብተሯ ግን መሳቢያው ውስጥ ነበር።

ሳህኖቹ በዚያው ዕለት ምሽት ኤቦንም ፎስዋንም ወደማታውቅ ባለሙያ፣ አክራ ተላኩ። የማን እንደሆኑ አልተነገራትም። የተነገራት ክሮቹን ዘርግታ ቀዩንና አረንጓዴውን እንድትለካ ብቻ ነው።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ላሪባ ሁሉንም በተቋሙ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሰበሰበች። ፕሮፌሰሩ ከፊት፣ ኤቦ በመስኮቱ በኩል፣ ፎስዋ በበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከፎስዋ ግራና ቀኝ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፤ ኤቦ ይህን አይቶ ትከሻው ዘና አለ። ከአክራ የመጣችው ባለሙያ ግድግዳው ላይ አንድ ምስል አበራች። በጥቁሩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱ ቀይ ሆኖ ይጀምራል፣ አረንጓዴ ሆኖ ያበቃል።

«ከበሩ ልጀምር» አለች ላሪባ። «ሰርዋ አራት ተኩል ላይ ገባች። አንድ ሰው ተከትሏት ወረደ። ደወሉንና ማራገቢያውን አጠፋ፣ ናይትሮጅን የሚያመጣውን ቧንቧ ከውጭ ከፈተ፣ በሩን ቀረቀረ። ክፍሉ አየር እስኪያጣ የተቋሙ መሐንዲስ እንደነገረኝ ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከዚያ ሰውዬው ቧንቧውን ዘጋ፣ መቀርቀሪያውን መለሰ። እስከዚያ ድረስ መሄድ አይችልም ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰርዋ በሩን ትደበድብ ነበር። የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማት አንድ ሰው እዚያ መቆም ነበረበት።»

ፎስዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ፕሮፌሰሩ የወጡት ለአሥር ደቂቃ ነው፤ ዘበኛው ከዓይኑ አላጣቸውም። ፎስዋ ምስክር የላትም። ዶክተር ኤቦ ግን ምስክር አላቸው፤ መዝገባቸው። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ አረንጓዴውን አጥበው መድኃኒት ሰጥተዋል። መዝገቡ እውነት ከሆነ በዚያ ደቂቃ ከሥራ ጠረጴዛቸው አልተነሱም፤ ምድር ቤት ሊሆኑ አይችሉም።» ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «መድኃኒት ያልነካው ሳህን ላይ ስንት ክር ለካሽ?»

«መቶ ሃምሳ።»

«መዝገቡ ቀይ ሃያ፣ አረንጓዴ ሃያ ይላል። እኩል መሆን ነበረባቸው።»

«አይደሉም። አረንጓዴው ከቀዩ በሁለት እጥፍ ከሩብ በላይ ይረዝማል። ቀዩ ሃያ ደቂቃ ከሆነ፣ አረንጓዴው አርባ ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። ሁለት ጊዜ ለካሁት።»

ኤቦ ግድግዳውን ሲያይ ቆይቶ ፈገግ አለ።

«አንዳንድ ህዋስ ይፈጥናል» አለ። «ይህ ለማንኛውም ተማሪ ግልጽ ነው።»

«ከፈጠነ በቀዩም ይፈጥን ነበር» አለች ላሪባ። «ያው ህዋስ፣ ያው ክር፣ ያው ቀን። ቀዩን ሲጀምሩ ፎስዋ አላየችዎትም፤ ሲቀይሩ ግን አይታለች። ቀዩ መለኪያችን ነው። ለራስዎ ሥራ ሲሉ በትክክል ሃያ ደቂቃ ሰጥተውታል፤ ያኔ ሰርዋ ገና ስልክ ላይ ነበረች፣ መውረዷን አላወቁም።»

«የልጅቷ ህዋሶች ጤነኛ አይደሉም። ዘበኞቻቸው ጎድለዋል። ርዝመቱ ሊዛባ ይችላል።»

«ትናንት እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ዘበኛ ከጎደለ ክሩ ይበላል፤ ያጥራል። መድኃኒት ከገባ ክሩ ይቆማል። ክርን የሚያሳጥር ብዙ ነገር ነገሩኝ። የሚያስረዝም የነገሩኝ አንድ ብቻ ነው፤ ጊዜ።»

ኤቦ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ ዘግይቼ ይሆናል። መዝገቡን አስቀድመን የመጻፍ ልማድ አለን። ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን፤ ፎስዋን ጠይቋት።»

«እውነት ነው» አለች ፎስዋ ከበሩ አጠገብ። ድምፅዋ ሻካራ ነበር። «ሁሉም አስቀድሞ ይጽፋል። ጽፎ ግን አይሄድም።»

«ሽንት ቢመጣ እንኳ ይያዛል ብለውኝ ነበር» አለች ላሪባ። «አሁን ሃያ ስድስት ደቂቃ ዘገየሁ ይሉኛል። የት ሆነው?»

ኤቦ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ላሪባ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አንቱታውንም እዚያው ጣለችው። «እኔ ልንገርህ። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ አረንጓዴውን ጨመርክ፤ ትንሽ ቆይተህ በመስኮት ስታይ፣ ሰርዋ ወደ ምድር ቤት ስትሄድ አየሃት። ተከተልካት። አምስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ ተመልሰህ አረንጓዴውን አጠብክ። ሳህኑን ያን ጊዜ መድፋት ትችል ነበር፤ ግን ባዶ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አልፈለግህም። ከአራት ደቂቃ በኋላ ፕሮፌሰሩ ገቡ፣ ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ፎስዋ ጮኸች፣ ሁላችሁም ወደ ግቢ ወጣችሁ። ከዚያ በኋላ መድፋት አልቻልክም። ስለዚህ ፎስዋን ድፊው አልካት። አልደፋችውም።»

«ምክንያት የለኝም።»

«የሰርዋ ደብተር ምክንያትህን ይናገራል። ሥራህን እንደገና ሠርታዋለች። እንክብልህ ክሩን አይጠብቅም፤ እንክብሉን የወሰደው ህዋስ ክሩ ይብስ ይበላል። ያሳተምከው ምስል አንድ ነው፤ ገልብጠህ ሁለት አድርገኸዋል። ሰኞ ያንን ለአርባ ልጆች ልታጎርስ ነበር። የጋዋንህ እጅጌ ላይ ደግሞ ዝገት አለ፤ ከመቀርቀሪያው ጋር ሊመሳከር ዛሬ ጠዋት ተልኳል።»

ኤቦ ፕሮፌሰሩን አየ፤ እሳቸው ወለሉን ያያሉ። «አሥራ አንድ ዓመት» አለ። «እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ጊዜ ሰጠችኝ። ልክ እንደ ሕፃን። ትንሽ ቢታረም ይሠራ ነበር። ነግሬያት ነበር፣ ትንሽ ቢታረም።»

«ስትደበድብ ምን ትል ነበር?» አለች ፎስዋ።

ኤቦ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

«ጠየቅኩህ። ምን ትል ነበር?»

«ስሜን» አለ።

ከፎስዋ ግራና ቀኝ የነበሩት ፖሊሶች ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሲያስሩት አልታገለም። ላሪባ ካቻምና ከሞተችው ልጅ የተወሰዱት ህዋሶች እንዳይጣሉ ለባለሙያዋ በጆሮዋ ነገረቻትና ተከትላቸው ወጣች፤ ለፎስዋ ምንም አላለችም፣ ስታልፍ ግን ትከሻዋን ጨበጥ አደረገቻት።

ፕሮፌሰር ባፉር ቀርተው ነበር። ወደ ፎስዋ መጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሪፖርቱን በችኮላ እንደጻፉት፣ በጣም እንዳዘኑ፣ አንድ ሳምንት እንድታርፍ፣ ተቋሙም ለልጅቷ ሕክምና የሚችለውን እንደሚያደርግ ነገሯት። ረጅም ንግግር ነበር። ፎስዋ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ሰኞ ጠዋት አርባ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ» አለች። «ማን ነው የሚነግራቸው?»

«በሩ ላይ ማስታወቂያ እንለጥፋለን።»

«አይሆንም። ስለ እኔም በወረቀት ነው የጻፉት። ወረቀትን ማን ለምን ብሎ ይጠይቀዋል? እርስዎ ራስዎ በሩ ላይ ይቆማሉ። እያንዳንዷን እናት ዓይኗን እያዩ፣ ማን እንደዋሸና ማን የእንክብሉን ሥራ ሳያይ እንደፈረመ ይነግሯቸዋል።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺስ? ከጎኔ ሆነሽ ታግዢኛለሽ?»

ፎስዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች።

«ከጎንዎ አይደለሁም» አለች። «ንሂራን አዝዬ ከሰልፉ ውስጥ ነኝ። እንደ ሌሎቹ ቆሜ ነው የምሰማዎት።»